የማይናከሰው ግንጣይ

ኮምቦልቻ ውስጥ ሰው የገደለ ሰው አስታራቂ አያጣም። ኮራል የሰረቀ ግን አስታራቂ የለውም። ሕጉን ማን እንዳወጣው የሚያስታውስ የለም። ቀይ ባሕር ነጥቶ ከሞተና የተረፈው ኮራል፣ ድንጋይ ላይ የሚያድገው የባሕር እንስሳ፣ ለደጋው ሰው በየቤቱ በአደራ ከተከፋፈለ ወዲህ፣ እንደ መብራት መጥፋትና እንደ ቁንጫ አብሮ የኖረ ነገር ነው።

አንዳርጌ ይመር ቅዳሜ ጠዋት ከቦርከና ድልድይ ማዶ ወዳለው ኮራል ተራ ሲገባ ሕጉን ሥራ ላይ አገኘው። አንድ ቀጭን ሰው በእርጥብ ጨርቅ የጠቀለለውን የኮራል ቁራጭ፣ ግንጣይ የሚሉትን፣ ብብቱ ሥር እንደያዘ ከሁለት ድንኳኖች መሃል ተያዘ። «ሌባ!» የሚለው ጩኸት ሳያልቅ ሰውዬው መሬት ላይ ነበር። መጀመሪያ በጫማ፣ ቀጥሎ በዱላ፣ በመጨረሻም ከአንዱ ድንኳን በተነቀለ ብረት መቱት። ሻጮቹ የመስታወት ገንዳዎቻቸውን ከግርግሩ ራቅ አደረጉ። አንዲት እናት ያዘለችውን ልጅ ወደ ላይ እየሰቀለች ዋጋ መከራከሯን ቀጠለች። ነገሩ ሲበርድ የግንጣዩ ባለቤት ጎንበስ ብላ ከሰውዬው ብብት ጨርቁን መዘዘች፤ ፈታ በጨው ውሃ አለቀለቀችው።

«ተመስገን፣ አልሞተችም» አለች።

ሰውዬው ግን ሞቶ ነበር። ሁለት የገበያ ጠባቂዎች በእግሩ እየጎተቱ ወሰዱትና ደሙ ላይ አፈር ተነሰነሰበት። አንዳርጌ ጫማውን እንዳይነካው እየተጠነቀቀ አለፈ። ባቡር ጣቢያ ትኬት የሚቆጣጠር፣ ጎልማሳነቱ እያለቀ ያለ፣ ዶሮ ለማረድ እንኳ ጎረቤት የሚጠራ ሰው ነው። የመጣበት ጉዳይ ግን ለማያውቁት ሰው ለማዘን ጊዜ የሚሰጥ አልነበረም። ወንድሙን ከሞት የሚያተርፍ ኮራል ሊገዛ ነው የመጣው።

ታናሽ ወንድሙ አራጋው ባለፈው ወር ይርጋ የሚባል የሰፈራቸውን ሰው ገደለ። ምክንያቱን የሰማ እንግዳ ይስቅ ይሆናል፤ በጨው ወረፋ ነው። የባሕር ጨው ያልደረሰው ቤት ውሃው ይበላሻል፤ ውሃው ከተበላሸ ኮራሉ ይሞታል፤ ኮራሉ የሞተበት ሰው ደግሞ ሸንጎ ላይ አፉን አይከፍትም፣ ዕድር እንኳ አይቀብረውም። ስለዚህ ሰው ወረፋ የሚቆመው ጦር ሜዳ እንደሚቆም ነው። ይርጋ «ተራው የኔ ነው» አለ። አራጋው «የኔ ነው» አለ። ይርጋ ገፋው። አራጋው የጨው አካፋውን ከክምሩ ነቅሎ በስለቱ አንገቱ ላይ አሳረፈበት። ወረፋው አልተበተነም፤ ከኋላ የነበሩት ይርጋን እየተሻገሩ ጨዋቸውን ተቀበሉ።

በቀብሩ ዕለት አንዳርጌ ቤቱ መቀመጥ አቃተው። የገዳይ ወንድም ቀብር ላይ ከታየ እዚያው እንደሚወገር ያውቃል። ይርጋ ግን አብሮት ያደገ ሰው ነበርና አንጀቱ እምቢ አለው። ከቤተክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ ከቁልቋሉ ሥር ቆሞ አፈሩ እስኪመለስ ድረስ አለቀሰ። የሟቹ ሚስት የሺመቤት ከሙሾው መሃል ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተጋጩ። ትጮኻለች ብሎ ጠበቀ። አልጮኸችም፤ አንገቷን መልሳ ደፋች።

ያን ቀን ሰፈሩ በሙሉ ቀብር ላይ ስለነበር ሌባ የይርጋን ቤት ሰብሮ ገባ። ኮራሉን ከሥሩ ገነጠለና የአውራ ጣት የምታህል ጉቶ ብቻ ትቶ ሄደ። የሺመቤት ከቀብር ስትመለስ ባሏን ያጣ ቤትና ባዶ ባሕር ጠበቋት። የኮምቦልቻ ሰዎች መስታወቱንም ውሃውንም በውስጡ ያለውንም ጠቅልለው «ባሕር» ነው የሚሉት፤ አያቶቻቸው ባሕር አይተው የማያውቁ ሰዎች ናቸው።

አንዳርጌም ከዚያ የተሻለ ዕድል አልገጠመውም። ከቀብሩ በኋላ አራጋውን ይዞ ባቲ ዘመድ ዘንድ ተደብቆ ሳለ መብራት ጠፋ፤ ፓምፑ ቆመ፤ ቤት ውስጥ ውሃውን የሚያማስል ሰው አልነበረም። ሲመለስ በሩን ገና ሳይከፍት ሽታው ነገረው። ከአባቱ የወረሰው ኮራል እንደ አጥንት ነጥቶ ቆሟል። አንዳርጌ መጋረጃ ጋረደበት፤ ጎረቤት እንዳይጠረጥር ሐምራዊውን መብራት እያበራ ማደር ጀመረ። የገረመው ነገር ለአባቱ ሞት ካለቀሰው በላይ ማልቀሱ ነው።

በዚህ መሃል አስታራቂው ሼህ ይማም መጡ። ወሎ እንዲህ ያለውን ሽማግሌ ከጥንት ጀምሮ አበጋር ይለዋል፤ ክርስቲያን ሆነ እስላም ደም የተቃባ ሁሉ እሳቸው ፊት ይቀመጣል። የደም ማድረቂያው ወግም ከባሕሩ ጋር ተለውጧል። የገዳይ ቤት ከአባት ከወረሰው ኮራል አንድ ግንጣይ ይቆርጣል፤ «የራሴ ነው» ብሎ ይምላል፤ ግንጣዩ በሟች ቤት ባሕር ውስጥ ከሟች ኮራል ጎን ይተከላል። ሁለቱ ቤተሰቦች ሳምንት ሙሉ በየጠዋቱ አብረው ያያሉ። አብዛኛውን ጊዜ ኮራሎቹ ይናከሳሉ። ያኔ አበጋሩ በመሃላቸው አንድ ስንዝር ይለካና «እናንተም እንዲህ ተራርቃችሁ ኑሩ» ይላል፤ ደሙም ደረቀ ይባላል። ገዳዩ ዓመት ሙሉ የሟቹን ባሕር ያገለግላል። ይህ ካሳ ካልተከፈለ ግን ደም በደም ነው። ከገዳይ ቤት አንድ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ በሟች ወንድም እጅ ሲወድቅ ደሙ ተካከለ ተብሎ ይዘጋል።

«የአባታችሁ ባሕር ደህና ነው?» አሉ ሼህ ይማም።

«ደህና ነው ሼኽዬ» አለ አንዳርጌ፣ ሳያስበው። ቃል ከአፍ ከወጣ ደግሞ መመለሻ የለውም።

ሽማግሌው አንድ ነገር ጨመሩ። የሟቹ ወንድም ፈንታው፣ «ከወንድሜ የቀረው ያቺ ጉቶ ናት፤ የገዳይ ኮራል አንዲት ጥርስ ካሳረፈባት ስንዝር ምናምን አልጠብቅም፤ አራጋውን እዚያው እደፋዋለሁ» ብሎ ምሏል። ሼህ ይማም ከጉቶዋ ጥፍር የምታህል ሽራፊ በጠርሙስ ውሃ አድርገው ሰጡት። ይህም ወግ ነው፤ ቅምሻ ይሉታል። የገዳይ ቤት የትኛው ቅርንጫፉ እንደማይናከስ በሱ ሞክሮ ይቁረጥ ማለት ነው።

እንግዲህ አንዳርጌ ያንን ጠርሙስ በአንገቱ አንጠልጥሎ ነው ኮራል ሻጯ እትዬ ተዋበች ድንኳን የገባው። ተዋበች ፀጉራቸው የሸበተ፣ ጣቶቻቸው በኮራል ንክሻ የተዥጎረጎሩ ሴትዮ ናቸው። ከፊታቸው ባሉት ገንዳዎች ውስጥ ግንጣዮቹ በየድንጋያቸው ተጣብቀው ተደርድረዋል።

«ለማፋለም ነው ለቤት?» አሉት። ኮራል የሚያፋልሙና የሚወራረዱ ሰዎች ዋና ደንበኞቻቸው ናቸው።

«ለቤት ነው እትዬ። የማይናከስ እፈልጋለሁ።»

ሴትዮዋ ሳቁ። «የማይናከስ ኮራል! አንተስ የማይናከስ ሰው አይተህ ታውቃለህ ወንድምዓለም? እስቲ ቅምሻህን አምጣ።»

ሽራፊውን ሳህን ውስጥ አኖሩና አንድ አረንጓዴ ግንጣይ አጠገቡ አስጠጉ። የዓሣ ጭማቂ ጠብ አደረጉበት። አረንጓዴው መጀመሪያ ተኮማተረ፤ ከዚያ ሆዱን በአፉ አወጣ። ነጭ ክር የመሰለ አንጀቱ ተዘርግቶ ሽራፊው ላይ ወጣና በቁሙ ይፈጨው ጀመር። ተዋበች ቶሎ ለያዩአቸው።

«እሱ ጅብ አፍ ነው» አሉ። «የጎረቤቱን ሥጋ ከቤቱ ሳይወጣ ይበላል። የሚፈለግ ነው፤ የባለፈው እሑድ አሸናፊ ከሱ የተቆረጠ ነበር።»

«ሌላ አሳዩኝ።»

ሁለተኛዋ እንደ አበባ የተዘረጋች፣ ብርቱካናማ ነበረች። «ይቺ ሙሽሪት ናት። ጥርስ የላትም፤ መርዝ ነው ያላት። የወሰዳት ሰው እሷን አንስቶ ድንጋዩን በፈላ ውሃ አጥባለሁ ብሎ በእንፋሎቱ ከነልጆቹ አለቀ። እሷ ከነመልኳ ተመለሰችልኝ።» ሲናገሩ ድምፃቸው የቲማቲም ዓይነት እንደሚያስመርጥ ሰው ነው። ሽራፊው ሙሽሪት ገና ሳትነካው በልጋጓ ብቻ መንጣት ጀመረ። አንዳርጌ ራሱን ነቀነቀ።

ከዚያ ከጀርባ ባለው ጨለም ያለ ገንዳ ውስጥ ቡናማ ቅርንጫፍ አየ። ጫፎቿ ወይን ጠጅ ናቸው። የአባቱ ኮራል ጫፎቹ እንዲሁ ነበሩ። «ያቺንስ?» አለ።

«እሷ ገና አዲስ ናት። አላውቃትም።»

«ይሞክሯት፣ እባክዎ።»

ተዋበች ቅር እያላቸው አወጧት። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ጭማቂው ጠብ አለ። ቡናማዋ አፎቿን ከፈተች፤ ሽራፊውም ከፈተ። አንዱም ሆዱን አላወጣም፤ ጅራፍ የመሰለ መንደፊያውን አልዘረጋም። ሻጯና ገዢው ረጅም ጊዜ ጠበቁ። ኮራሎቹ ጫፍ ለጫፍ ተነካክተው አረፉ። አንዳርጌ እንባው መጣ። ከዚያች የጨው ወረፋ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ተነፈሰ።

የተዋበች እጅ ግን ሳህኑ ላይ ቀርቷል። «ቅምሻውን ከየት አመጣኸው?» አሉ ዝግ ብለው።

«ከዘመድ ቤት።»

ሴትዮዋ ወደ ውጭ፣ አፈር ወደተነሰነሰበት ደም አዩ። «ይቺን አትውሰድ።»

«ዋጋ ከሆነ የሚሉትን እከፍላለሁ።»

«ዋጋ አላልሁም። ጅብ አፉን ውሰድ ወንድምዓለም። የሚናከስ ነገር መለያያ አለው፤ ስንዝር ታርቅለታለህ፣ በቃ። ይቺን ተዋት።»

አንዳርጌ ለሌላ ሰው ሊያስቀምጧት የፈለጉ መሰለው። ሰው የሚፈልገውን ካገኘ ጆሮው ይደፈናል። ምክንያቱን ልንገርህ ቢሉት እንኳ ይሰማ እንደነበር እግዜር ይወቅ፤ እሳቸውም አልነገሩትም። ቢነግሩት ኖሮ የተሰረቀ ኮራል ድንኳናቸው ውስጥ ምን ይሠራ እንደነበር ደግሞ መናገር ሊኖርባቸው ነው። የብር ኮሮጆውን በሙሉ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈና ቅርንጫፏን ከነድንጋይዋ አነሳ።

ተዋበች ተጠግተው ክንዱን ያዙት። «ከኔ አልገዛህም። ሰማኸኝ? እኔን አታውቀኝም።»

«እንዴታ!» አለ አንዳርጌ። «እኔ እኮ ከማንም አልገዛሁም። የአባቴ ናት።»

በማግስቱ የይርጋ ግቢ በሰው ተሞላ። አራጋው ገመድ በአንገቱ፣ ድንጋይ በትከሻው አድርጎ አፈሩ ላይ ተንበረከከ። ከአካፋው ቀን ወዲህ ግማሽ ሆኗል፤ ዓይኑን ከመሬት አያነሳም። ፈንታው በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ የኮራል ድንጋይ የሚሰበርበትን መዶሻ ጉልበቱ ላይ አጋድሟል። ትከሻው ሰፊ፣ ንግግሩ ጥቂት ነው። ወንድሙን በጣም ይወድ ነበር፤ ሰፈሩ የሚያውቀው ልጅ ሳሉ ሁለቱ በአንድ ጥርስ ብሩሽ ተጣልተው በአንድ አልጋ ሲያድሩ ነው።

አንዳርጌ ባሕሩ ፊት ቆሞ ቀኝ እጁን አነሳ። «ይህ ከአባቴ ባሕር የተቆረጠ ነው። ከሌላ ከሆነ ደሜ እንደ ውሃ ይፍሰስ» ብሎ ማለ። የሺመቤት ግንጣይዋን ከእጁ ተቀብላ ከጉቶዋ ጎን ተከለቻት። ጥቁር ለብሳለች። ወይን ጠጅ ጫፎቹን ስታይ ጣቷ ትንሽ ዘገየ፤ ከዚያ እጇን አደረቀች።

በየጠዋቱ ተሰበሰቡ። ፈንታው ከነመዶሻው አንድም ቀን አልቀረም። ፊቱን መስታወቱ ላይ አስጠግቶ ነጭ ክር ይፈልጋል። አጥቶ ይመለሳል። አንዳርጌ ሥራ ሲገባ የተሳፋሪ ትኬት መቅደድ እየረሳ ይቆማል። አራጋው ምግብ መቅመስ ጀመረ። አንድ ጠዋት ለወንድሙ «አያ፣ እኔ እኮ እዚህ ቤት ከውሃ እስከ እንጨት ሁሉን እሠራላቸዋለሁ፤ ብቻ በሕይወት ልኑር» አለው። አንዳርጌ በቁልቁለቱ ሲወርዱ ትከሻውን አቀፈው። «አብሽር» አለው፣ «አባታችን ከላይ እያየን ነው።» እየዋሸ መሆኑን እስኪረሳ ድረስ ደስ ብሎት ነበር። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

የሺመቤት ብቻ ደስታም ቁጣም አይታይባትም። ሌላው ሲሄድ ባሕሩ ፊት ቁጭ ትላለች።

በሳምንቱ የመጨረሻ ጠዋት ሼህ ይማም የመነጽራቸውን ገመድ አጥብቀው ጎንበስ አሉ። ግቢው፣ በረንዳው፣ በሩ ጭምር በጎረቤት ተጨናንቋል። ሽማግሌው ለረጅም ጊዜ አዩ። ጉቶዋና ግንጣይዋ የተገናኙበት ቦታ አይለይም። ድንበሩ ጠፍቷል። አንዱ ሥጋ በሌላው ላይ ፈስሶ አንድ ቆዳ ሆኗል።

«አላሁ አክበር» አሉ። «በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ያለ ዕርቅ አላየሁም። አንድ ሆነዋል!»

እልልታው ቤቱን አናጋው። የማይተዋወቁ ሰዎች ተሳሳሙ። ውጭ የነበረው አራጋው ከነድንጋዩ መሬት ላይ ተደፍቶ ማልቀስ ጀመረ። ፈንታው እንኳ መዶሻውን ወለሉ ላይ አኖረ። አንዳርጌ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ዳነ፤ ወንድሙ ዳነ።

«ሼኽዬ» አለች የሺመቤት።

ድምፅዋ ከፍ አላለም፤ ግን እልልታው ከፊት ወደ ኋላ እየተቆረጠ ሄደ።

«ኮራል ከኮራል ጋር ሲጣላ ሁላችንም አይተናል። ከጎረቤቱ፣ ከዘመዱ፣ ከማንም ይጣላል። አንድ ሲሆን ያየ ሰው አለ?» ዞር ብላ ሁሉንም አየች። «የማይጣላው ከራሱ ሥጋ ጋር ብቻ ነው። ይርጋ ሲቆርጠው፣ ቁራጩን መልሶ ሲያስጠጋው እንዲህ ነበር የሚገጥመው። ይቺ ግንጣይ የኛው ናት። ባሌን ስቀብር ከቤቴ የተሰረቀችው ናት።»

አንዳርጌ ተዋበች ክንዱን እንዴት እንደጨበጡት ትዝ አለው፤ ያኔ ያልገባው አሁን እንደ ፈላ ውሃ ወረደበት። ሰላም ብሎ የመረጠው ነገር የሟቹን አካል ነው። ጅብ አፉን ቢወስድ ይሻለው ነበር።

ፈንታው መዶሻውን አነሳ።

«አንዳርጌ» አሉ ሼህ ይማም። ፊታቸው አመድ መስሏል። «የአባቴ ናት ብለህ ምለሃል። ተናገር።»

ሁለት መልስ ነበረው። «ገበያ ገዛኋት» ካለ እውነት ነው፤ መሐላው ሐሰት ሆነ፣ ካሳው አልተከፈለም፣ አራጋው ደግሞ ገመድ በአንገቱ እዚያው ደጅ ላይ ነው። ፈንታው ሦስት እርምጃ አይፈጅበትም። አንዳርጌ በተከፈተው በር ወንድሙን አየው። አራጋው ነገሩ አልገባውም፤ ገና በደስታ እያለቀሰ ነው።

«እኔ ነኝ የሰረቅኋት» አለ። «በቀብሩ ዕለት። ሁላችሁም ቤተክርስቲያን ሳላችሁ ገባሁ። አራጋው አያውቅም።»

ከሕዝቡ መሃል አንድ ጉርምርምታ ተነሳ። «ሌባ» የሚለው ቃል ገና ከአንድ አፍ ወደ ሌላው እየተሻገረ ነበር። አንዳርጌ የሺመቤትን አየ። በቀብሩ ዕለት የት እንደነበረ በዚህ ዓለም ላይ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ከንፈሯ ተላቀቀ። በሐሳቧ የቁልቋሉን አጥር እያየች እንደሆነ አወቀ። አንድ ቃል ከተናገረች እሱ ይድናል፣ አራጋው ይሞታል። በዓይኑ ለመናት።

ከንፈሯ ተመልሶ ገጠመ።

አንዳርጌ ወደ ፈንታው ዞረ። «ወንድምዓለም፣ ሰፈሩ እጁን ሳያስገባ አንተ ምታኝ። ሌላ ሰው አይቅደምህ። ሼኽዬ፣ እርስዎ ቆመው ይዩ። ከገዳይ ቤት አንድ ሰው በሟች ወንድም እጅ ወደቀ። ነገ ሌባ ነው ብሎ ሕዝብ ገደለው እንዳይባል።»

ሽማግሌው ገባቸው። ዕድሜ ልካቸውን ሰው ከሞት ሲያስጥሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ያኔ ግን የቻሉት አንድ ቃል ብቻ ነበር። «አያለሁ» አሉ።

የመጀመሪያው ምት ትከሻው ላይ አረፈ፤ ፈንታው ዓይኑን ጨፍኖ ነበርና ሳተው። አንዳርጌ በጉልበቱ ወረደ። ሁለተኛው አልሳተም። ከዚያ ሰፈሩ ገባ። ጫማ፣ ዱላ፣ የወንበር እግር፤ ቅዳሜ ያየው ሁሉ በየተራው መጣ። ሰዎቹ ወደ መስታወቱ እንዳይወድቅ እየተጠነቀቁ ነበር። «ባሕሩን! ባሕሩን ጠብቁ!» የሚል ጩኸት ደጋግሞ ተሰማ። አራጋው ገመዱን የያዙትን ሰዎች እየጎተተ «አያ! አያ!» እያለ ወደ በሩ ተንፏቀቀ። አንዳርጌ በመጨረሻ የሰማው የወንድሙን ድምፅ ነው። በሕይወት ያለ ሰው ድምፅ ነበር።

ሼህ ይማም በዚያው ቀን ደሙ ተካክሏል ብለው ፈረዱ። አራጋውን ማንም እንዳይነካው ሁለቱም ወገን ማለ። ለሌባ ዕድር አይወጣምና አንዳርጌን የገበያ ጠባቂዎች ቀበሩት፤ ለቅሶ ተቀመጥን የሚል ቤት አልተገኘም።

አራጋው በወጉ መሠረት የይርጋን ባሕር ማገልገል ጀመረ። ጠዋት ይመጣል፤ መስታወቱን ይወለውላል፤ ጨው ይለካል፤ ኮራሉን ይመግባል። ኮራሉ አድጎ የተገናኘበት ቦታ ፈጽሞ አይለይም። ፈንታው ከዚያ ቀን በኋላ እዚያ ቤት አልገባም። አራጋው ደግሞ ሰው በጠየቀው ቁጥር ወንድሙን ይረግማል። ካልረገመው የሌባ ወንድም ይባላላ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዲሉ፣ እሱ የገደለው ሰው ተረስቶ የአንዳርጌ ስርቆት ነበር የሰፈሩ ወሬ።

አንድ ጠዋት እጁን እስከ ክርኑ ውሃው ውስጥ ከትቶ ድንጋዩን ሲያጸዳ የሺመቤት ከኋላው ቆማ ነበር። ባዶውን የጨው ከረጢት እያጣጠፈች ነው።

«ያ ሌባ ባያዋርደን ኖሮ» አለ አራጋው፣ ለወሬ ያህል፣ «ይቺን ባሕር ቀና ብዬ ባገለገልኳት ነበር። ሙት አይወቀስም ይላሉ፤ እሱ ግን አጥንቱ አይረፍ።»

የሺመቤት ከረጢቱን አኖረችና በጥፊ መታችው። ውሃው ወለሉ ላይ ተረጨ።

«በቀብሩ ዕለት» አለች፣ «ወንድምህ ከቁልቋሉ ሥር ቆሞ ነበር። የመጀመሪያው አፈር ሲገባ እዚያ ነበር፣ የመጨረሻው ሲገባም እዚያ ነበር። ከኔ እኩል ያለቀሰ ሰው ቢኖር እሱ ነው። ሌባው ቤቴን ሲሰብር አንዳርጌን እኔ በዓይኔ እያየሁት ነበር።»

አራጋው ፊት ላይ የጥፊው ምልክት ቀስ እያለ ቀላ።

«ታዲያ ለምን…» አለ። ጥያቄውን አልጨረሰውም። ለማን ሲል እንደሆነ መሃል ላይ ደረሰበት።

«እኔም ዝም አልሁ» አለች። «የባሌ ደም እንዲመለስ ፈልጌ ይሁን፣ እሱ ስለለመነኝ ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላውቀውም። በየሌሊቱ አስባለሁ፤ አላውቀውም።» ከረጢቱን መልሳ አነሳች። «ለማንም ብትናገር መሐላው ይፈርሳል፤ ፈንታው ይመጣል። ወንድምህ ደግሞ በከንቱ ሞተ ማለት ነው። ስለዚህ ስድብህን ደጅ ላይ ስደበው፤ ግድ የለም። እኔ ቤት ግን ስሙን በክፉ አታንሳ።»

የኮራሉ አፎች በእጁ ዙሪያ ተከፍተው ቆዳውን ይነድፉት ነበር። እጁን አላወጣም። የሺመቤት ከረጢቱን አጣጥፋ ጨረሰችና ወደ ባልዲው ጠቆመች።

«ውሃው ጎድሏል፤ ሙላው» አለች። «ነገም በጠዋት ና።»